ስለ ትንሽ ሆድና ስለ ትልቅ ገበታ

አንባቢ ሆይ፥ በወላይታ ሶዶ ከተማ በሠርግ፥ በልቅሶ ወይም በበዓል ቀን ከገበታ ቀርበው ያውቁ እንደ ሆነ፥ ከጐንዎ የተቀመጠው ሰው ከራሱ ምግብ ይልቅ የእርስዎን እጅ እንደሚመለከት ሳያስተውሉ አልቀሩም። እጅዎ ከዘገየ «ምነው?» ይባላሉ። ከቆመ «በሞቴ!» ይባላሉ። ቀድመው ከታጠቡማ ወሬው ከቤቱ አልፎ ወደ ጐረቤት ይሻገራል። እኔ እንግዲህ በዚሁ አገር ተወልጄ፥ በዚሁ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር፥ ዕድሜዬ 26 ዓመት የሆነ ሴት ነኝ፤ ከጨጓራዬም ከአምስት እጅ አራት እጁ ያህል በሐኪም ቢላዋ ተቈርጦ ወጥቶአል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ቍጥር ከአንድ እጅ ጣቶች ብዙም አያልፍም። ስሜ ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ያልሰፈረውም ስለዚሁ ነው።

ነገሩ ለብዙ ሰው እንግዳ ስለሚሆን አስቀድሜ በአጭሩ ላስረዳ። ጨጓራ የሚለጠጥ ከረጢት ነው። «እጅጌ» ተብሎ በሚጠራው ኦፕራሲዮን ሐኪሞች የከረጢቱን ሰፊ ጐን ከላይ እስከ ታች ቈርጠው ያወጡና የቀረውን ይሰፉታል። የሚቀረው እንደ ሙዝ ጐበጥ ያለ ቀጭን ቱቦ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ የሚይዘውም ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር፥ ማለት አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ብቻ ነው። ተቈርጦ ከሚወጣው ክፍል ጋር «ግሬሊን» የተባለው፥ ራብ ራብ የሚያሰኘው ሆርሞን የሚመነጭበት ዋናው ስፍራ አብሮ ይሄዳል። ይህን ሆርሞን የጃፓን ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ነበር ያገኙት።

ውፍረትን በኦፕራሲዮን የመቀነስ ጥበብ ግን ከዚያ ይቀድማል። በአሜሪካ አገር በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰን የተባለ ሐኪም በቍስል ምክንያት ጨጓራቸው በከፊል የተቈረጠላቸው ሰዎች እየከሱ መሄዳቸውን አስተውሎ፥ በዚያው አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. የጨጓራን መንገድ የሚያሳጥረውን ኦፕራሲዮን ጀመረ። «እጅጌ» ብቻውን በሰፊው የተለመደው ከ2000 ወዲህ ነው።

እኔ ወደዚህ የደረስሁት በፋሽን አይደለም። ቁመቴ አንድ ሜትር ከ63 ሲሆን ክብደቴ 121 ኪሎ ነበር። በ23 ዓመቴ የስኳር በሽታ ተገኘብኝ። ከሰሌዳ ፊት አርባ ደቂቃ መቆም ጕልበቴን ያሳምመው ነበር፤ ተማሪዎቼም ወንበር ያቀርቡልኝ ጀመር፤ መቼም ደግ ልጆች ናቸው። ጾምሁ፥ ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ በየማለዳው ተራመድሁ፥ አሥር ኪሎ ቀነስሁ፥ አሥራ ሁለት ጨመርሁ። ውጭ አገር የሚኖር ወንድሜ ገንዘቡን ላከና በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ፥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ ኦፕራሲዮኑ አዲስ አበባ ተደረገልኝ። እናቴ አብራኝ ነበረች። ለጐረቤት የተነገረው «አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዳለች» የሚል ነበር፤ ይህን ያለችውም እናቴ ስለ ሆነች እኔ አልጠየቅበትም።

ታዲያ ለምን ትደብቂዋለሽ? ይሉኝ ይሆናል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ቢሆን መልሱ በቀለለኝ ነበር።

በመጀመሪያ ክሳት በአገራችን መልካም ስም የለውም። የደረጀ ሰው «ተመችቶታል» ይባላል፤ የከሳ ሰው ግን «ምን ነካው?» ነው። ይልቁንም የኤድስ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ይጨርስ በነበረበት ዘመን ሰው ከሳ ማለት በሹክሹክታ ተፈረደበት ማለት ነበር። መድኃኒቱ መጥቶ ሕመምተኛው ጤነኛ መስሎ ቢውልም ሹክሹክታው ከአንዳንድ ሰው አፍ ገና አልወጣም። እኔ በስድስት ወር ውስጥ ሠላሳ ኪሎ ስቀንስ፥ ጠጕሬም በአራተኛው ወር ሲረግፍ (ይህ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የተለመደ ነው፤ ኋላም ይበቅላል) በየቤቱ የተባለውን መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ይከብዳል። ወላይታ አረንጓዴ አገር ነው። እንሰቱ፥ ጎዳሬው፥ ስኳር ድንቹ፥ ቦዬው ለመንገደኛ ዓይን የጥጋብ አገር ያስመስለዋል። ነገር ግን መሬቱ ጠባብ፥ ሕዝቡ ብዙ ስለ ሆነ የበልግ ዝናብ አንድ ጊዜ ሲቀር ቅጠሉ ለምልሞ ሰው ይራባል። በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ሽማግሌዎች ያውቁታል። በ2000 ዓ.ም. የሆነውን እኔ ራሴ በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ ፊታቸውና እግራቸው ያበጠ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰዱ አስታውሳለሁ። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር «ብዙ እንዳልበላ ብዬ በገንዘብ ሆዴን አስቈረጥሁ» ብሎ ማን ፊት ይቆማል? የስኳር በሽታን፥ የደም ብዛትን፥ የሆርሞንን ነገር ላስተምር እችላለሁ፤ ማስተማር ሥራዬ ነው። ዳሩ ግን ልጅዋን በራብ ለቀበረች ሴት ይህን በየትኛው ሰሌዳ ላይ ጽፌ ላስረዳት?

ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አልሁ። ትንሽዬ ሆዴም እስካሁን ፈጅቶታል።

አሁን ወደ ገበታው እንመለስ። ሰው የሚመስለው፥ በአንድ ትሪ ከብዙ ሰው ጋር የሚበላ የተጋለጠ፥ ለብቻው በሰሐን የሚበላ ደግሞ የተሸሸገ ነው። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በአንድ ትሪ ዙሪያ ስድስት እጅ ሲወርድና ሲወጣ ማን ምን ያህል እንደ በላ የሚቈጥር የለም፤ እንጀራው ከሁሉም ፊት እኩል ይሸሻል። ሰሐን ግን ምስክር ነው። ዛሬ በከተማችን ሠርግ ሁሉ እንደ ሆቴል ሆኖ ሰው ሰሐኑን ይዞ ይሰለፋል፤ ሦስት ማንኪያ ወጥ ይዘው ከተመለሱ አሳላፊዋ ራስዋ «እኅቴ፥ ምነው አኰረፍሽ?» ትላለች። ብዙ ይዘው ከመጡ ደግሞ የተረፈው ፊትዎ ተቀምጦ ይከስስዎታል። ዘመናይ የሆነውን ሁሉ አልነቅፍም፤ በዚህ በኩል ግን የአባቶቻችን ሥርዐት ለእንደኔ ያለው ሰው ያዝናል።

የትሪው ጠላት ጉርሻ ነው። በእኔ ጨጓራ አንድ የአክስት ጉርሻ የምሳዬ ሩብ ያህል ነው። አንዱ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፤ ሁለተኛውንም በልቶ እንዳኘከ መዋጥ አይቻልም። ሐኪሜ «እስኪልም አኝኪ፥ ሃያ ጊዜ፥ ሠላሳ ጊዜ» ብሎኛል። ቸኵዬ ከዋጥሁ ከደረት አጥንቴ በስተኋላ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስለኛል፤ አፌም በምራቅ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ተነሥቶ ወደ ጓሮ መሄድ ግድ ነው። ይህ አንድ ጊዜ በክርስትና ድግስ ላይ ደርሶብኝ ስመለስ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ፈገግ አሉ። «ነፍሰ ጡር ናት» መባሌን በማግሥቱ ሰማሁ። ከሁለቱ ሐሜት ይህኛው ይሻላል ብዬ ዝም አልሁ፤ ዘጠኝ ወር ሲያልፍ ራሱ ይበናል።

ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። ከልጆች አጠገብ እቀመጣለሁ፤ የታላቅ እኅቴ ልጅ የስምንት ዓመት ልጅ ነው፥ ከእኔ ጐን መቀመጥ ትርፍ እንዳለው ካወቀ ቈይቶአል። የመጣውን ጉርሻ ግማሹን ነክሼ የቀረውን ለእርሱ አጐርሰዋለሁ፤ ሰው ይህን ሲያይ «ልጅ ወዳድ ናት» ይላል። ወሬም እጀምራለሁ። የሚያወራ ሰው አለመብላቱ አይታወቅበትም፤ መምህር ደግሞ ማውራት አያቅተውም። ከምግብ ጋርና ከምግብ በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ መጠጣት ስለ ተከለከልሁ የለስላሳ ጠርሙስ ከፍቼ በእጄ እይዛለሁ፤ ጠርሙስ የያዘን እጅ አሳላፊ አያስቸግረውም።

ለጾም የሚጾም ሰው ደግሞ ይበልጥ ይቀለዋል ብዬ አስብ ነበር። እኛ ቤት ግን ጴንጤዎች ነን፤ ረቡዕና ዓርብ አያድነንም። የጾም ጸሎት ቢኖረንም በተለይ የሚያዝ እንጂ በቀን መቍጠሪያ የታተመ አይደለም። ለድሮ ሰዎች ከዚህ ሁሉ የሚሻል አንድ ማመካኛ ነበራቸው፤ ኮሶ። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ስለ ነበር «ኮሶ ጠጥቼአለሁ» ያለ ሰው በሩን ዘግቶ ቢውል ጠያቂ አልነበረበትም። ዛሬ የኮሶ እንክብል በአንድ ጕንጭ ውኃ ተውጦ ሰውየው ወደ ሥራው ስለሚሄድ ያ ሁሉ መከለያ ጠፍቶአል።

ለእኔ የተረፈችኝ አንዲት ቃል ናት፤ «ጨጓራዬን ነው» ማለት። ይህን ስል አንዳች አልዋሸሁም። በኢትዮጵያ ደግሞ ጨጓራ የሌለበት ሰው ስለሌለ ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ ሁሉም ስለ ራሱ ጨጓራ ማውራት ይጀምራል። አንዱ ተልባ ያዝልኛል፤ ሌላዋ ሽፈራው ቅጠል ቀቅለሽ ጠጪ ትለኛለች፤ የሒሳብ መምህሩ ቡና ተዪ ይለኝና ራሱ ሦስተኛውን ስኒ ያነሣል። እውነቱን በግልጽ ተናግሬ ማንም ሳያውቀው እመለሳለሁ። ባለፈው ዓመት የምግብ መፍጨትን ትምህርት ሳስተምር ጨጓራውን በሰሌዳ ላይ ስስል አንድ ተማሪ «ቲቸር፥ ጨጓራ የሌለው ሰው መኖር ይችላል?» ብሎ ጠየቀኝ። በ1897 ካርል ሽላተር የተባለ የስዊስ ሐኪም በዙሪክ ከተማ የአንዲትን ሴት ጨጓራ በሙሉ እንዳወጣና ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ እንደ ኖረች ነገርሁት። «ምን ትበላ ነበር?» አለ። «ጥቂት ጥቂት» አልሁትና ወደ ትንሹ አንጀት ተሻገርሁ።

ይሁንና ዝም ማለት የማይገባበት ቦታ አለ። ከእኛው መምህራን መካከል አንዲት ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት አለች፤ ውፍረትዋ እኔ ከነበርሁበት አያንስም፤ የደም ብዛትም አለባት። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሁለታችን ብቻ ስንቀር በሩን ዘጋ አድርጋ፥ «እባክሽ፥ ምን አድርገሽ ነው? እኔም ላድርገው» አለችኝ። ለሌላው ሁሉ «እራመዳለሁ፥ ስኳር ተውሁ» ማለት ይበቃኛል፤ ሁለቱንም አደርጋለሁና። ለእርስዋ ግን ይህን ብናገር ነገ በማለዳ ተነሥታ ዳሞታን ልትወጣ ነው። ስድስት ወር ወጥታ ስትመዘን ሁለት ኪሎ ብቻ ብታጣ ጥፋቱን በራስዋ ላይ ታደርገዋለች፤ «እርስዋ ቻለች፥ እኔ ሰነፍ ነኝ» ትላለች። የእኔን ገመና ለመሸፈን የሌላውን ሰው ሕይወት መክደኛ ማድረግ አልወደድሁም። ስለዚህ ነገርኋት።

የነገርኋት ግን ሙሉውን ነው። ገንዘቡ ብዙ እንደ ሆነ፤ እንደ ማንኛውም ኦፕራሲዮን አደጋ እንዳለው፥ ስፌቱ ሊያፈስ ወይም ሊደማ እንደሚችል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽ፥ ቀጥሎም የላመ ምግብ ብቻ እንደ ሆነ፤ ቫይታሚን፥ ብረትና ካልሲየም ዕድሜ ልክ እንደሚዋጥ፤ የተወለወለው ኪሎ ካልተጠነቀቁበት ተመልሶ እንደሚመጣ፤ ልጅ የምትፈልግ ሴት ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል እንድትቆይ ሐኪም እንደሚመክራት። ዛሬ በመርፌ የሚወሰዱ ምግብ የሚያስጠሉ መድኃኒቶች እንደ መጡ፥ እነርሱም ቢሆኑ ውድ እንደ ሆኑና ሲቋረጡ ክብደቱ እንደሚመለስ ጨመርሁላት። ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ከዚያም «የስኳሩስ በሽታ?» አለች። «ያለ እንክብል ስኳሬ ልክ ሆኖ ይኸው ዓመት አለፈው» አልኋት። ምን እንደ ወሰነች ገና አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ምሥጢሩን ግን ጠብቃዋለች፤ እንዲያውም በሻይ ሰዓት ሰው ሳምቡሳ ሲያቀርብልኝ ቀድማ ታነሣዋለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ጊፋታ ነው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ሲሆን በመስከረም ወር በእሑድ ቀን ይውላል። ለዚህ ቀን ወንዶች ለበሬው፥ ሴቶች ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ሲያዋጡ ይከርማሉ። በሬውም እንዲሁ በሜዳ የተለቀቀ አይደለም፤ ወላይታ በሬ ሲያደልብ የስኳር ድንች ሐረግና የእንሰት ቅጠል እየቈረጠ በእጁ ያበላዋል። (እኛ እርስ በርሳችን መጐራረሱን የተማርነው ከዚያ ይመስለኛል።) ሥጋው በጥሬው ከዳጣ ጋር ይቀርባል፤ ዳጣ ማለት ቃሪያው፥ ነጭ ሽንኵርቱና ዝንጅብሉ ከቅመም ጋር የተወቀጠበት፥ ዓይን የሚያስለቅሰው ማባያችን ነው። ከእንሰት የሚሠራው ሙቹዋም በቅቤ ርሶ ይከተላል። በዚህ ቀን ያልበላ ሰው የተጣላ ሰው ነው፤ በጊፋታ ደግሞ የተጣላ ይታረቃል እንጂ ተጣልቶ አይውልም።

ባለፈው መስከረም፥ በ2018 ዓ.ም. ጊፋታ፥ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከአያቴ ቤት ተሰበሰብን። አያቴ ዓይንዋ ደከም ብሎአል፤ እጅን ግን አሳምራ ታያለች። ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ እጄን ወደ ገበታው እሰዳለሁ፥ ጥቂት እቈርሳለሁ፥ ጣቶቼን ወደ አፌ አደርሳለሁ፥ አኝካለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የማኝከው ቅድም የጐረስሁትን ነው። አጐቶቼ እየሳቁ ቢላዋ ይቀባበላሉ። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር።

ሰው ሁሉ ወደ ደጅ ለጭፈራ ሲወጣ አያቴ በዓይንዋ ጠራችኝና አጠገብዋ አስቀመጠችኝ። እጄን ያዘችና በወላይትኛ ቀስ ብላ፥ «ይህን እጅ አውቀዋለሁ» አለችኝ።

«የምን እጅ ነው፥ አያቴ?»

«ባዶውን ወደ አፍ የሚሄደውን። በሰባ ሰባት እኔ እንዲህ አደርግ ነበር። ልጆቹ ‹አንቺስ?› እንዳይሉኝ እጄን ወደ አፌ አደርሳለሁ፥ አኝካለሁ። እናትሽ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች፤ የምበላ ይመስላት ነበር።» ጥቂት ዝም አለችና፥ «አንቺስ ለማን ነው የምታተርፊው?» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ለዚህ ጥያቄ «ጨጓራዬን ነው» የሚል መልስ አይሆንም። ምንም ማመካኛ አልመጣልኝም። «ለማንም አይደለም። ታምሜ ሐኪም ቈርጦ ሰፍቶኛል፤ አሁን ብዙ አይገባልኝም» አልኋት። ስኳሩን፥ ጕልበቴን፥ ክብደቴን ነገርኋት። የፈራሁት ቀጥሎ የሚመጣውን ነበር። እርስዋ ግን ስለ ገንዘቡም፥ ስለ ውፍረቱም ቃል አላነሣችም። «ያምማል?» አለች። «አሁን አያምምም» አልሁ። «ይርብሻል?» አለች። «እንደ ድሮው አይርበኝም።» ይህን ስላት ፊትዋ ላይ ያየሁትን ለመግለጽ ቃል አጣሁ፤ ቅናትም አይደለም፥ ኀዘንም አይደለም። «አይርብሽም» ብላ ለራስዋ ደገመችው። «ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሐኪም ቢኖር ኖሮ» አለችና ሳቀች፤ እኔ ልስቅ አልቻልሁም።

ከዚያም ተነሥታ ከጓዳ ትንሽ ጣባ አመጣች። ሁለት ማንኪያ የምታህል ሙቹዋ ከቅቤው ለይታ አኖረችበትና ሰጠችኝ፤ ስበላም ፊትዋን ወደ በሩ መለሰች። ማታ ሰው ሁሉ ወደ ገበታው ሲመለስ አንዱ አጐቴ እጁን ሞልቶ «በሞቴ!» እያለ መጣብኝ። አያቴ ከተቀመጠችበት ሆና፥ «ተዋት፤ እኔ አብልቻታለሁ» አለችው። በእኛ ቤት አያቴ አበላሁ ካለች ሌላ ሰው አያበላም።

በመጪው ጥር የአጐቴ ልጅ ሠርግ አለ። ምሳው በአዳራሽ፥ በሰሐን ነው አሉ። አያቴ ከእኔ ጐን ካልተቀመጥሁ አልሄድም ብላለች።